የባናው መሃል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ እንደ ነባር ባላባት ነው፤ ማንም ሳይሾመው ያዛል፣ ማንም ሳይጋብዘው ይገባል። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ባለቤቱ ቆልፎት ከጠፋ ዓመታት ባለፉት የእህል መጋዘን በረንዳ ላይ ግን ለዚህ ባላባት በቀላሉ የማይገብሩ ስምንት ሰዎች ያድሩ ነበር። ቤት የላቸውም፤ ጠያቂ ዘመድ የላቸውም። ከስምንቱ መታወቂያ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ፎቶውን ዝናብ አጥቦት ፊቱ የማን እንደሆነ አይለይም። ያላቸው አንድ ባና ነበር።

ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የተሠራ፣ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ የማያነሣው፣ ዝናብ ሲነካው እንደ በረት የሚሸት ወፍራም ልብስ ነው። ባለቤቷ ንጋቷ ናት። ጣርማ በር ላይ ጠጉር ስትፈትል አድጋ፣ እዚያው ተድራ፣ ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድሞች «ልጅ አልወለደችም» ብለው ከቤት አስወጧት። ስትወጣ የያዘችው ይህንኑ ባና ነው። እሱንም ቢሆን የፈተለችው ራሷ ባትሆን ኖሮ አይሰጧትም ነበር።

በረንዳው ላይ ሕግ የምታወጣው ንጋቷ ነበረች። ምሽት ሲሆን ቆማ ቦታ ትደለድላለች፤ «አንተ ዛሬ ዳር ነህ፣ አንቺ ትናንት ዳር ስለነበርሽ ዛሬ ግቢ» እያለች። ዳሩ ነፋስ የሚነክሰው ቦታ ስለሆነ በተራ ነው። መሃሉ ግን ተራ አልነበረውም፤ መሃል የበሽተኛ ነው። ይህን ሕግ ያወጣችው ፋና የምትባለው ወይዘሮ ማሳል የጀመረች ጊዜ ነው። ፋና ስድስት ወር መሃል ላይ ተኝታ፣ ግራና ቀኟን በሰው ገላ ታጥራ፣ በጥር ሞተች። የቀሩት ስምንቱም «ሞቋት ነው የሞተች፤ በብርድ አልሞተችም» እየተባባሉ ተጽናኑ። የንጋቷ ኩራት ይህ ነበር። የከተማው ሀብታም እናቱን በዚህ ዓይነት አላስታመመም ብላ ታምን ነበር።

ከፋና በኋላ መሃሉ ለየኔታ ወልደአረጋይ ተላለፈ። የኔታ ከአንኮበር ሥር ካለች ትንሽ ደብር ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ደረታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ለሕክምና ወደ ከተማ የወጡ ናቸው። የወጡት ለሦስት ቀን ነበር፤ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ጥምጥማቸው ግን አሁንም ነጭ ነው። ባየው፣ ከጭነት መኪና ረዳትነት ተባርሮ በረንዳው ላይ የወደቀው ቀልደኛ፣ «የኔታ፣ እኛ ገላችንን የምንታጠበውን ያህል ብቻ እርስዎ ጥምጥምዎን ቢያጥቡት ኖሮ ጠቁሮ ነበር» ይላቸዋል። የኔታም ስቀው፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለውጦባቸው፣ ደረታቸውን ይይዛሉ።

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ። መጀመሪያ የመጣው በሬዲዮ ነው። ቀጥሎ በድምፅ ማጉያ መጣ፤ የግብረ ኃይሉ አስተባባሪ ይርጋለም፣ አንጸባራቂ ሰደርያውን ለብሶ፣ በባጃጅ እየዞረ «ከቤታችሁ አትውጡ» ይል ነበር። ባየው አንድ ቀን ባጃጁን ተከትሎ ሮጦ፣ መጀመሪያ ቢያስገባቸው ከዚያ በኋላ እንደማይወጡ ቃል ገብቶለታል። በሽታው ራሱ በረንዳው ጋ ሳይደርስ የበሽታው ሠራዊት ቀድሞ ደረሰ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ተዘጋ፤ ዝክሩና ሰንበቴው ቀረ። ሆቴሎቹ ቀዘቀዙ፤ ትርፍራፊ የሚባል ነገር ጠፋ። ድሮ እጅ ለእጅ ይመጸውት የነበረው ሰው አሁን እንጀራውን በፌስታል አስሮ ከመንገዱ ማዶ ይወረውር ጀመር። አንዳንዱ ኢላማ አይችልም። ሰኔ ሲገባ የስምንቱም ጉንጭ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ይርጋለም ወደ በረንዳው የመጣው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ቀለምና ብሩሽ ይዞ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ባነሰ። ኮብልስቶኑ ላይ ስምንት ነጭ ክብ ሣለ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ሁለት ትልልቅ እርምጃ ለካ። ለእያንዳንዱ ክብ ቁጥር ጻፈበት። ችግሩ፣ በረንዳው ከአራት ክብ በላይ አልያዘም። ከአምስት እስከ ስምንት ያሉት ሰማይ ሥር ዋሉ። ይህን ሲነግሩት፣ መመሪያው ስለ ርቀት እንጂ ስለ ጣሪያ የሚለው ነገር እንደሌለ በትሕትና አስረዳቸው።

ከዚያ ባናውን አየ። ስምንት ሰው በአንድ ልብስ ሥር እንደሚያድር ሲሰማ፣ ማስኩን አውልቆ አፉን ከፈተ፤ መልሶም አጠለቀ። ባናው አሁኑኑ በጸረ ተሕዋስያን ታጥቦ ማታ እንደሚመለስ ተናገረ። ንጋቷ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም።

«ልጄ፣ ጠጉር በረኪና አይወድም» አለችው። «እኔ በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። እናትህ ብትሆን ይህንኑ ትልሃለች።»

«እናቴ፣ ይኼ ሳይንስ ነው» አላት፤ ድምፁ ውስጥ እውነተኛ አዘኔታ ነበር።

መመሪያው ጥቂት በረኪና በብዙ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ይላል። ይርጋለም ለእርግጠኝነት ሲል ውኃውን ቀነሰ፤ ለእርግጠኝነት ሲል ሌሊቱን ሙሉ በበርሜል ውስጥ ተወው። በማግስቱ ጠዋት ንጋቷ ባናዋን ልትቀበል ስትሄድ፣ እሱ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ በዱላ እያማሰለ ነበር። ዱላው የሚይዘው አላገኘም። ከበርሜሉ ውስጥ ብጫ፣ የሚዝለገለግ፣ የአጃ ሾርባ የመሰለ ነገር ወጣ። ባናው ሟሟ። ለአገሩ ሁሉ ብርድ ልብስ እየሠራች የምታለብስ ከተማ ውስጥ ተወልዶ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በጤና ተመርቆ የወጣ ሰው፣ ጠጉር በበረኪና እንደሚሟሟ ያወቀው ያን ዕለት ነው።  ንጋቷ አላለቀሰችም፤ የአሥራ አንድ ወር ፍትሏ በአንድ ሌሊት እንዴት ሾርባ እንደሆነ ማሰብ ስላቃታት፣ ማልቀሱን ረሳችው። ይርጋለም ከኪሱ ሁለት ላስቲክ ሸራ ገዝቶ ሰጣት። በሪፖርቱ ላይ ግን «ለስርጭት ምቹ የሆነ አንድ አልባስ ተወግዷል» ብሎ ጻፈ።

ሐምሌ ገባ። ንጋቷ የኔታን አንደኛው ክብ ላይ፣ ግድግዳው ጥግ አስተኛቻቸው፤ ነገር ግን ግድግዳ እንደ ሰው አይሞቅም። በሳምንቱ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ። ሲናገሩ ቃሉን ግማሽ መንገድ ላይ ይጥሉታል። አንድ ጠዋት ስሟን ጠርተዋት፣ ምን ሊሏት እንደነበር ጠፍቷቸው፣ ብዙ ቆይተው «ግድ የለም» አሏት። ያን ጊዜ ፈራች። ዛሬ ጣሪያና ብርድ ልብስ ካላገኘችላቸው ሐምሌን እንደማይወጡት ገባት፤ ባየውን ጠርታ ሁለቱም ደግፈዋቸው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው።

በሩ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ከመጋቢት ጀምሮ ዕረፍት ያላገኘች ሲስተር አርሴማ የምትባል ነርስ፣ ሽጉጥ የመሰለ የሙቀት መለኪያ ይዛ የመጣውን ሁሉ ግንባር ግንባሩን ትለካለች። ትኩሳት ያለው በአምቡላንስ ወደ ለይቶ ማቆያ ይሄዳል፤ የሌለው ወደ ቤቱ ይመለሳል። አድራሻ ስትጠይቃቸው ንጋቷ «ክብ ቁጥር አንድ» አለቻት፤ ሲስተሯም ቀና ሳትል ጻፈችው። መለኪያውን ወደ የኔታ ግንባር አነጣጠረች። መለኪያው ቁጥር አላወጣም፤ ከመጠን በታች ለማለት «ሎው» ብሎ ጻፈ። መልሳ ለካች፤ አሁንም «ሎው»።

«ትኩሳት የላቸውም። ጤነኛ ናቸው» አለች።

ንጋቷ የሰማችውን ማመን አቃታት። ሰውየው እንደ ብርድ ቀን ቅጠል እየተንቀጠቀጡ እንደሆነ፣ ከንፈራቸውን እንድታይ ለመነቻት። ሲስተር አርሴማ አየች፤ ያየችውም አሳዘናት። ነገር ግን ቅጹ ላይ ያለው ትኩሳት እንጂ ቅዝቃዜ እንዳልሆነ፣ ሌላው ክፍል ሁሉ ለወረርሽኙ ስለተለቀቀ ለጊዜው አልጋ እንደሌለ ነገረቻቸው። ቤት ሄደው ትኩስ ነገር ጠጥተው፣ ተሸፋፍነው እንዲተኙ መከረች። «ጤነኛ» የሚል ወረቀትም ማኅተም ተደርጎበት ተሰጣቸው። ባየው ወረቀቱን አገላብጦ አየውና፣ ወፍራም ቢሆን ኖሮ ይለብሱት ነበር አለ።

መንገድ ዳር፣ ቅቅል ድንች የምትሸጥ ወለተሐና የምትባል ሴት አለች። እነ ንጋቷ ሲያልፉ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ድንች ትጥልላቸዋለች። ያን ቀን ንጋቷ ድንቹን ተቀብላ አልበላችውም። መዳፏ ውስጥ ይዛው፣ ሙቀቱ እስከ ክንዷ ሲወጣ እየተሰማት፣ ቆማ ቀረች። ከዚያ የየኔታን ጥምጥም አየች።

ነገሩን ስትነግራቸው የኔታ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ በእርጅናቸው እግዚአብሔርን በድንች ማታለል እንደማይሹ ተናገሩ። እሷም የምታታልለው እግዚአብሔርን ሳይሆን መለኪያውን እንደሆነ መለሰችላቸው። 

«እንግዲያው እኔ አንድ ቃል አልናገርም» አሉ በመጨረሻ፤ «ድንቹ ራሱ ይናገር።»

ንጋቷ ከድስቱ አሁን የወጣ ትልቅ ድንች መርጣ በተቀዳደደ ጨርቅ ጠቀለለች፤ ቆዳቸውን እንዳይልጠው መጀመሪያ ጉንጯ ላይ አስጠግታ ለካችው። በጥምጥማቸው የፊት ለፊት እጥፋት ውስጥ ሸጎጠችላቸው። ወደ ድንኳኑ ተመልሰው ተሰለፉ፤ ተራቸው ሲደርስ ድንቹን መዝ አድርጋ ወደ ብብቷ አስገባች፤ ጥምጥሙንም ከግንባራቸው ከፍ አደረገችላቸው። መለኪያው ጮኸ። አርባ አንድ ነጥብ ሁለት ይላል። ሲስተር አርሴማ ወደ ኋላ ስትሸሽ ወንበሯ ወደቀ። ሰልፍ ላይ የነበረው ሰው በአንድ ትንፋሽ ተበትኖ አደባባዩ ባዶ ሆነ። ጠዋት አልጋ አጥቶ የነበረው አገር፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አምቡላንስ፣ ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ የለበሱ አራት ሰዎችና መንገድ የሚጠርግ ፖሊስ አገኘ።

ንጋቷ ያላሰበችው አንድ ነገር ነበር። የበሽተኛ ንክኪ ያለው ሁሉ አብሮ ይወሰዳል። ሰባቱም ተለቅመው ለይቶ ማቆያ ወደ ተደረገ አንድ የኮሌጅ ማደሪያ ገቡ። ለእያንዳንዳቸው አልጋ፣ ፍራሽ፣ ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ተሰጣቸው። ባየው የመጀመሪያውን ምሳ በልቶ፣ ሆዱን እያሻሸ ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ ንጋቷ» አላት፣ «ይኼን ድንች በመጋቢት ብታስቢው ኖሮ እኮ አሁን ወፍረን ነበር።»

የኔታ ብቻቸውን ከግቢው ማዶ፣ የታመሙ በተለዩበት ሕንጻ ነበሩ። በመካከሉ ገመድ ተዘርግቷል። ከሰዓት በኋላ በመስኮት ብቅ ሲሉ ታያቸዋለች፤ ከንፈራቸው ቀልቷል። መስቀላቸውን አንሥተው ይባርኳታል። አራት ቀን ደስ ብሏት ዋለች። በአምስተኛው ቀን፣ ከየኔታ ክፍል ጎን የተኛ የጅቡቲ መስመር ሾፌር በሽታው እንደተገኘበት ሰማች።  በሽታ ወደሌለባቸው ሰው በሽታውን ያቀረበችው እሷ ናት። በገመዱ አጠገብ የማቆያውን ሐኪም፣ ዶክተር ዘሥላሴን፣ ጠብቃ ያዘችው፤ ከነጭ ልብሱ ውስጥ መነጽሩ ብቻ ይታያል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናዘዘች። ኮሮናም ትኩሳትም እንዳልነበረባቸው፣ የነበረው ድንች እንደሆነ ነገረችው።

«አውቃለሁ» አላት። «ሲገቡ ግንባራቸው ላይ የድንች ልጣጭ ተለጥፎ ነበር። ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

ንጋቷ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል እሱ ግን እንዳልሳቀ አየች። የምርመራው ውጤት መምጣቱን፣ የኔታ ከኮሮና ነጻ እንደሆኑ ነገራት። ደረታቸው ግን ስላላማረው አክታቸውንም ልኮ ነበር።

«የሳንባ ነቀርሳ አለባቸው» አለ። «ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። መድኃኒት አለው፤ በነጻ ነው፤ ከጀመሩት ይድናሉ። አሁን የምጠይቅዎትን በደንብ ይመልሱልኝ። ከማን ጋር ነበር የሚያድሩት?»

መለሰችለት። የባናውን ነገር፣ ዳሩ በተራ እንደሆነ፣ መሃሉ ግን ሁልጊዜ የበሽተኛ እንደሆነ፣ ሁሉም ተጠጋግተው በትንፋሻቸው እንደሚያሞቋቸው፣ ባናውን እስከ ራሳቸው እንደሚሸፍኑት፣ ነፋስ እንዳይገባ ጠርዙን ከሥራቸው እንደሚያጥፉት፣ ይህን ሁሉ ያሰበችው እሷ እንደሆነች፣ ለማንም የምትናገርበት በነበረው ኩራት ጀምራ ነገረችው። ዶክተሩ መጻፉን አቆመ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እንደተደገፈ ቀረ። ንጋቷ በመነጽሩ ውስጥ ዓይኑን አየችና፣ ወሬዋን መሃል ላይ አቋረጠች። ማንም ሳይነግራት ራሷ ደረሰችበት። ስድስት ወር ያሳለችው ፋና ታወሰቻት። ፋና ስትሞት፣ የፋናን ቦታ፣ ገና ያልቀዘቀዘውን፣ ለየኔታ የሰጠቻቸው እሷ ናት። በቀኛቸው የምትተኛው እሷ፣ በግራቸው ባየው።

«በብርድ አልነበረም?» አለችው። «ፋና?»

እርግጠኛ መሆን እንደማይችል ነገራት፤ ግን ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሣ።

ከሁሉ የከበዳት ሌላ ነበር። ያ ባናዋን ሾርባ ያደረገባት፣ ቀለም ይዞ የመጣው ሞኝ ልጅ፣ በማያውቀው በሽታ፣ በማያውቀው ምክንያት፣ ከእሷ ይልቅ ትክክል ነበር። እሷ ደግሞ በደግነቷ ሁሉ ተሳሳተች። ገመዱ ሥር ቁጭ አለች። ዶክተሩ ገመዱን አልፎ አጠገቧ ቁጢጥ አለ፤ በግቢው ሕግ የማይፈቀድ ነበር። ባናው ባይኖር ያለፈውን ሦስት ክረምት አንዳቸውም በሕይወት እንደማያልፉት ነገራት፤ እሷ ግን አልሰማችውም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ ከኮሮና ነጻ ብለው የኔታን ሲያስወጧቸው የት ይተኛሉ?

ማቆያው የኮሮና ነው። ነቀርሳ የሌላ ክፍል ነው፤ የነቀርሳው ክፍል ደግሞ የማስክ መጋዘን ከሆነ ሦስት ወሩ። መድኃኒቱን ጀምረው ከሰው ጋር ቢተኙ የማያሰጋበት ጊዜ እስኪደርስ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ብቻቸውን፣ በሙቅ ቦታ መሆን አለባቸው። ዶክተር ዘሥላሴ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገና «ናሙናው አጠራጣሪ፤ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እንደገና ይላክ» ብሎ ጻፈበት።

«እርስዎ በድንች ከዋሹ እኔ በወረቀት ብዋሽ ምን አለበት» አላት። «መድኃኒቱን ዛሬ ያስጀምሯቸዋል፤ ክፍላቸውንም ከሾፌሩ ያርቁላቸዋል። ሰባታችሁ ደግሞ ነገ ጠዋት፣ ምግብ ሳትቀምሱ፣ አክታችሁን ትሰጣላችሁ።»

ያን ዕለት ማምሻውን ለስድስቱ የነገረቻቸው ራሷ ናት። ሰብስባ አስቀመጠቻቸውና፣ ስለ ፋናም ቢሆን አንድም ነገር ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ስድብ ጠበቀች፤ ቢያንስ ከባየው። ባየው ግን አልጋው ላይ ተቀምጦ ሁለቱን ብርድ ልብሶች በየተራ ሲያጥፍ፣ ሲፈታ፣ መልሶ ሲያጥፍ አመሸ። ከመካከላቸው አንዷ ብቻ፣ ከሁሉም ታናሽ የሆነችው፣ «እኔ እኮ ዳር በሆንኩ ቁጥር እናደድብሽ ነበር» አለቻት፤ ብላም አለቀሰች።

ጠዋት ብርዱ ገና ሜዳው ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቶ ሳለ፣ ሰባት ትንንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ከነክዳናቸው መጡላቸው። አንድ አንዱን ይዘው ግቢው ውስጥ ተሰለፉ። ከማዶው መስኮት የኔታ ቆመው ያዩአቸዋል። የመጀመሪያውን መድኃኒት ውጠው ስላቅለሸለሻቸው በአንድ እጃቸው የመስኮቱን ብረት ይዘዋል። የማቆያው ነርስ ከአጥሩ ሥር፣ ከሰው ራቅ ብለው፣ በደንብ ስለው እንዲተፉ አሳየቻቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ስድስቱም ፊታቸውን ወደ ንጋቷ አዞሩ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደለመዱት፣ ማን የት እንደሚሆን እስክትደለድላቸው ጠበቁ።

«ማን ይጀምር?» አላት ባየው።

«እኔ» አለች።

ወደ አጥሩ ሄደች። ዕቃውን ልትከፍት ሞከረች፤ ክዳኑ አልከፈት አላት። ነርሷ ልትጠጋት ስትል ባየው ቀደማት። ዕቃውን ከእጇ ወስዶ ከፈተላት፤ መለሰላትና፣ እስክትጨርስ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ።